ቅዱስ ያሬድ፦ ትምህርት አልገባ ያለው ሕፃን

በባሕር ዳር ልጆቻቸውን ቫዮሊን፣ ኦርጋን ወይም ማሲንቆ የሚያስተምርላቸው ሰው እንድንጠቁማቸው የሚጠይቁን ወላጆች አሉ። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ለራሳቸው መማር የሚሹም አይታጡም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተሰጥኦ የለም በሚል ምክንያት ትምህርቱ ይቋረጣል። ስለዚህ በዚህ እትም የቅዱስ ያሬድን ሕይወት፣ ይልቁንም ልጅነቱን፣ ልናወሳ ወደድን።

ትውፊት እንደሚነግረን ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ ሲሞት እናቱ ታውክልያ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የሚያስተምር ካህን ነበር። ሕፃኑ ግን መዝሙረ ዳዊትን ማጥናት ተሳነው። ባልንጀሮቹ ቀድመውት ሄዱ፤ ተሳለቁበትም። መምህሩም አብዝቶ ገረፈው። ዛሬ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል አለንጋ የያዘ መምህር ብናይ ዝም እንደማንል የታወቀ ነው። ገድሉም ቢሆን ግርፋቱን አልሸሸገም፤ ነገር ግን ልቡናውን የከፈተለት ዱላው ነው አላለም።

ልጁ ተማርሮ ሸሸ። ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ እንደገና ስትወጣ አየ። ደጋግማ ወደቀች፤ በመጨረሻም ደረሰች። ያሬድ ተነሥቶ ወደ አጎቱ ተመለሰና ይቅርታ ለመነ። ጌዴዎንም በዚህ ጊዜ አልገረፈውም፤ ጸለየለት እንጂ። ከዚያ በኋላ ብሉያትንና ሐዲሳትን አጠና፤ በ14 ዓመቱም ዲቁና ተቀበለ።

ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት ዜማዎች ከሰማይ ከመጡ ሦስት አዕዋፍ እንደተማረ ገድሉ ይተርካል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት በስሙ ይታወቃሉ። በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊካውያንም የዚሁ ዜማ ወራሾች ነን።

ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአባ አረጋዊ ጋር ወደ እኛው ሐይቅ፣ ወደ ጣና ቂርቆስ ደሴት፣ መጥቶ እንደነበረ በትውፊት ይነገራል። ዜማው በዚህ አካባቢ ሥር ሰድዷል፤ በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ደግሞ ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቶቹን እንዳደራጁ ይነገራል። ሆኖም ምልክት ብቻውን አያስዜምም። ተማሪው ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ይቀጽላል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ እንደገና ይላል። ድጓን እንዲህ ለመፈጸም ዓመታት ያስፈልጋሉ። ሦስት ወር ሞክሮ ለሚተው ወላጅ ይህን ብንነግረው ሳይደነግጥ አይቀርም!

ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲያዜም፣ ገብረ መስቀል በተመስጦ ሳለ የተደገፈበት ጦር የያሬድን እግር ወጋው፤ ሁለቱም ዜማው እስኪፈጸም አላወቁም ይባላል። ንጉሡ ደሙን አይቶ ደነገጠ፤ የፈለገውንም ሊሰጠው ቃል ገባ። ያሬድ ግን ሀብትም ሹመትም አልሻም፤ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ለመመንኰስ ፈቃድ ለመነ። ንጉሡ እያዘነ አሰናበተው። ወደ ስሜን ሄዶ በብሕትውና እየኖረ ደቀ መዛሙርቱን አስተማረ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።