ጆሞ ኬንያታና የሐራምቤ ትምህርት ቤቶች

ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ኪያምቡ የሚጓዝ ሰው ሩንዳ የተባለውን ሰፈር በስተግራው እያየ ያልፋል። ዛሬ የባለጸጎችና የዲፕሎማቶች መኖሪያ የሆነው ይህ ሥፍራ ቀድሞ የቡና እርሻ ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን ከአካባቢው ለም መሬት ብዙው ለነጭ ሰፋሪዎች ስለ ተሰጠ፥ ከባለርስቱ ከኪኩዩ ሕዝብ ብዙዎቹ በአባቶቻቸው ምድር የቀን ሠራተኞች ሆነው ቀሩ። ኪያምቡን አልፎ ለሚዘልቅ ደግሞ ጊቱንጉሪ ትገኛለች። እኛ መምህራን የጆሞ ኬንያታን ሕይወት ስንመረምር ከቤተ መንግሥታቸው አስቀድመን ይህችን መንደር ልናውቅ ይገባናል።

ኬንያታ የተወለዱት በ1890ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ የኪኩዩ ገበሬ ቤተ ሰብ ሲሆን፥ የልጅነት ስማቸው ካማው ነበር። በ1909 ቶጎቶ በሚገኘው የስኮትላንድ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው ንባብንና አናጢነትን ተማሩ። ኋላም በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት የውኃ ክፍል ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ በ1928 ሙይግዊታኒያ የተባለውን የኪኩዩ ቋንቋ ጋዜጣ ያዘጋጁ ጀመር። የጋዜጣው ስም ትርጓሜ አስታራቂ ማለት ነው።

ከ1931 ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት በአውሮፓ ኖሩ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ አፍሪካውያንና የካሪቢያን ተወላጆች ኢትዮጵያን ለመርዳት በለንደን ላቋቋሙት ማኅበር ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል፤ በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ለንደን ሲገቡም በዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ከተቀበሏቸው ሰዎች መካከል ነበሩ። በ1938 ስለ ሕዝባቸው ባሕል ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ለመምህር እጅግ የሚጠቅም ምዕራፍ አለ፤ የኪኩዩ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር በተረት፥ በእንቆቅልሽና በእኩዮቹ ማኅበር ግብረ ገብነትን እንዴት እንደሚማር የሚያስረዳ ነው።

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በ1929 ሚስዮኖችና ኪኩዩዎች በባሕል ጉዳይ ስለ ተጣሉ ወላጆች የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች መክፈት ጀምረው ነበር፤ መምህር ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ በአሜሪካ ተምረው የተመለሱት ፒተር ምቢዩ ኮይናንጌ በ1939 በጊቱንጉሪ የመምህራን ኮሌጅ አቋቋሙ። ገንዘቡ የተገኘው ከመንግሥት አልነበረም። በአንድ ዘመን የተገረዙ እኩያሞች እንደ ወንድማማች ስለሚቆጠሩ፥ እያንዳንዱ የእኩያሞች ማኅበር ከሌላው ላለማነስ እየተሽቀዳደመ አዋጣ፤ ሴቶችም ለልጃገረዶች ማደሪያ ገንዘብ አሰባሰቡ። ደቦንና ዕድርን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ኬንያታ በ1946 ወደ አገራቸው ተመልሰው በተከታዩ ዓመት የኮሌጁ ኃላፊ ሆኑ። እንደ እኔ አስተያየት፥ ኋላ በመላው አገር ያወጁትን የኅብረት ሥራ በዓይናቸው ያዩት እዚህ ነው።

በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ በታወጀ ጊዜ ኬንያታ ታሠሩ፤ ኮሌጁም ተዘጋ። መምህራን ይሠለጥኑበት በነበረው ሥፍራ መስቀያ ተተከለ። የማው ማው መሪ ነህ ተብለው የሰባት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸውና ከወሰናችን በማይርቀው በረሃማው ሎኪታውንግ ተጋዙ። ነጻ የወጡት በ1961 ነው።

ሰኔ 1 ቀን 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ለአዲሱ መንግሥት መፈክር የመረጡት ሐራምቤ የሚለውን ቃል ነበር፤ ይኸውም ሠራተኞች ከባድ ሸክም ሲያነሡ ኃይላቸውን የሚያስተባብሩበት የስዋሂሊ ጩኸት ነው። ከአርባ በላይ ነገዶች ላሉባት አገር፥ በአንዱ ነገድ ታሪክ ላይ ያልተመሠረተ የወል ቃል መመረጡ ብልህነት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ናኩሩ ላይ ነጭ ገበሬዎችን ሰብስበው ያለፈው ይቅር እንዲባባል አሳሰቡ። ይህ አገሪቱን ከደም መፋሰስ እንደ ጠበቃት አይካድም፤ ነገር ግን በጫካ ተዋግተው መሬት ሳያገኙ ለቀሩት ሰዎች መራራ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ፍሬ ያፈራው በትምህርት ነው። መንደርተኛው ድንጋይ ተሸክሞ፥ እንጨት ቆርጦ፥ ከቡናውና ከሻዩ ሽያጭ አዋጥቶ ግድግዳውን ያቆማል፤ ከዚያም መንግሥት የመምህሩን ደመወዝ ይቀበልልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ መንግሥት እርዳታ የቆሙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ከሚረዱት በቁጥር በለጡ። ሆኖም ሕንጻ ማቆምና ማስተማር አንድ አይደሉም። በብዙዎቹ ውስጥ የሚያስተምሩት ሥልጠና ያላገኙ ወጣቶች ነበሩ፤ ክፍያውም ለድኻ ወላጅ ይከብድ ነበር። ቡና አብቃዩ ወረዳ ብዙ ሲሠራ የሰሜኑ አርብቶ አደር ጥቂት ሠራ። ኋላም ሹማምንት መዋጮውን በግድ ይሰበስቡ፥ የምክር ቤት ተመራጮችም ድምፅ ለማግኘት በአደባባይ ይለግሱ ጀመር። በጊቱንጉሪ እኩያ ከእኩያው ጋር ያዋጣው በፈቃዱና በክብር ነበር፤ በትእዛዝ የሚሰበሰብ መዋጮ ግን ከግብር በምን ይለያል?

በኬንያታም ላይ መናገር የሚገባን አለ። ሕዝቡን በአንድነት እንዲያነሣ ሲጠሩ፥ ቤተ ሰባቸውና ወዳጆቻቸው ሰፊ መሬት ይዘዋል። በ1969 ቶም ምቦያ ተገደሉ፤ በጥቅምት ወር በኪሱሙ በሕዝብ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ተቃዋሚው ፓርቲም ታገደ። በሉዎና በኪኩዩ መካከል የነበረው መተማመን ክፉኛ ቆሰለ። ጋዜጣቸውን አስታራቂ ብለው የጀመሩት ሰው ይህን ቁስል ሳይፈውሱ ነሐሴ 22 ቀን 1978 በሞምባሳ አረፉ።

መቃብራቸው በናይሮቢ በፓርላማው ግቢ ይገኛል። በዚያ አካባቢ ከሚያልፉት ጎዳናዎች አንዱ ሐራምቤ፥ ሌላው ደግሞ ኃይለ ሥላሴ ይባላል።