ከደሴ እስከ ሂሮሺማ፤ የዶክተር ማርሴል ዡኖ ሕይወት

ከሆጤ ሆኖ የጦሳን ተራራ የሚመለከት የደሴ ልጅ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጧት በዚያ ሰማይ ላይ የታዩት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በከተማይቱ ላይ ያደረሱትን ጥፋት ከአያቶቹ ሳይሰማ አላደገም። ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ ወረደ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚስዮን ሆስፒታል እንኳ ከመመታት አልዳነም። በደሴ የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞች አድራጎቱን በመቃወም ቴሌግራም ላኩ። በዚያን ጊዜ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ ኢትዮጵያ ከተላኩት ሁለት መልእክተኞች አንዱ የ31 ዓመቱ ስዊሳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ነበሩ።

ዶክተር ዡኖ በኑሻቴል ከተማ ግንቦት 6 ቀን 1896 ዓ.ም. ከቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። በጄኔቫና በስትራስቡርግ ሕክምና ተምረው፣ በፈረንሳይ አገር በሙሉዝ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ሙያ በመሠልጠን ላይ ሳሉ ጥሪው ደረሳቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የተቋቋመ ገና ጨቅላ ማኅበር ነበር።

በሰላም ጊዜ ቢላ ለቆረጠው ሰው የሚደረገው ሕክምና ለጦር ሜዳ ቁስል አይበቃም። የቦምብ ፍንጣሪ አፈርና የልብስ ቁራጭ ይዞ ወደ ሥጋ ይገባል። እንዲህ ያለውን ቁስል ወዲያው መስፋት መግሉን ከውስጥ መቆለፍ ነውና፣ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ ቁስሉ ክፍት ሆኖ ይሰነብታል፤ የሚዘጋው መንጻቱ ሲረጋገጥ ነው። መንጋጋ ቆልፍም አለ። ፔኒሲሊን ደግሞ ገና ለሕክምና አልዋለም ነበር።

ከዚህ የከፋው በአውሮፓ ይፕሪት የተባለው የመርዝ ጢስ ነበር። ኢጣሊያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ውል ፈርማ ሳለ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ተጠቀመችበት። መርዙ ሲነካ አያቃጥልም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ዓይን ያብጣል። መርዙ በሣርና በአፈር ላይ ስለሚቆይ ባዶ እግሩን የሚጓዘው ወታደር ከእግሩ ጀመረው። ማርከሻ የለውም። ያለው መላ ልብሱን ማውለቅ፣ ገላን በሳሙናና በብዙ ውኃ ፈጥኖ ማጠብ፣ ከዚያም ቁስሉ እንዳያመረቅዝ መጠበቅ ነው። ይህ ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚነግረን ነገር አለ፤ በየድንኳኑ ቅባትና ፋሻ ቢኖርም፣ ውኃ ከወንዝ በእንስራ በሚቀዳበት ግንባር ሺህ ሰው ከየት ታጥቦ?

ዶክተር ዡኖ በመልካ ዲዳ የተደበደበውን የስዊድን አምቡላንስ ሄደው ተመለከቱ። መጋቢት 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ከስዊድናዊው አብራሪ ከካውንት ፎን ሮዘን ጋር ወደ ኮረም በረሩ፤ አውሮፕላናቸውም እዚያው መሬት ላይ በቦምብ ወደመ። (ካውንቱ በኋላ የአየር ኃይላችንን በማደራጀት አገልግለው፣ በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ሕይወታቸው አለፈ።) በኮረም ዙሪያ ዡኖ በመርዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዛፍ ሥር ተጋድመው አገኟቸው፤ ብዙዎቹ እርዳታ ለምነው የሚደርስላቸው አላገኙም።

የመንግሥታት ማኅበር ስለ መርዙ ጢስ መረጃ በጠየቀ ጊዜ ግን የቀይ መስቀል ኮሚቴ ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ የያዘውን አልሰጠም። መልእክተኛውም ያዩትን ለአለቆቻቸው አሳወቁ እንጂ በጊዜው በአደባባይ አልመሰከሩም። የገለልተኛነትን ጥቅም አልክድም፤ በሁለቱም ወገን ያለውን ምርኮኛ ለመጎብኘት ሌላ በር የለም። ነገር ግን የቁስሉን ምክንያት ከሚያውቅ ሐኪም ዝምታን መጠየቅ ከባድ ነው፤ ለቆሰለውም አገር ዝምታው ሌላ ቁስል ነበር። ዶክተር ዡኖ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ የኮረምን ነገር በዝርዝር ጻፉ። ለእኛ ዘግይቶ ነበር።

ከኢትዮጵያ ወደ ስፔን ሄደው በእርስ በርሱ ጦርነት ምርኮኞችን በማስለወጥ ደከሙ። በ1937 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተላኩ። ጳጉሜን 3 ቀን ሂሮሺማ ሲገቡ፣ ከአሜሪካ ጦር የተገኘ ከ10 ቶን በላይ የሕክምና ዕቃ ይዘው ነበር፤ ፔኒሲሊንም በዚያ ውስጥ ነበረበት። ከአቶሚክ ቦምቡ በኋላ ወደዚያች ከተማ ከገቡት የውጭ አገር ሐኪሞች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ዐሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ሐኪም የኮረምንም የሂሮሺማንም ቃጠሎ በዓይኑ አየ።

በመጨረሻ ወደ ጄኔቫ ተመልሰው የማደንዘዣ ሐኪም ሆኑ፤ የቀይ መስቀል ኮሚቴውም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው በሥራ ላይ ሳሉ በልብ ሕመም ዐረፉ። በሂሮሺማ የሰላም መናፈሻ በ1971 ዓ.ም. የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል።