ተረት የዘራች ሴት፦ የፑራ ቤልፕሬ የሕይወት ታሪክ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ጦር አዛዦች፣ ስለ ሳይንስ ሊቃውንትና ስለ አገር መሪዎች ነው። የዛሬዋ ባለታሪካችን ግን ጦር አልመራችም፤ አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፈችም። ሙያዋ ልጆችን ሰብስቦ ተረት መንገር፣ በተረቱም እየሳበ ወደ መጽሐፍ መውሰድ ነበር። ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው የሚል ቢኖር ትንሽ ይታገሠንና እስከ መጨረሻው ያንብብ። በተለይ ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ገብተን ጠመኔ ለምንጨብጥ ዕጩ መምህራን ከዚህች ሴት ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ቀላል አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ልጅነቷ

ፑራ ቤልፕሬ የተወለደችው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት መገናኛ ሰሞን፣ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ሲድራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ፖርቶ ሪኮ አራት መቶ ዓመት ያህል በእስፓኝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ከቆየች በኋላ፣ በ1898 አሜሪካ እስፓኝን በጦርነት ድል ስታደርግ ወደ አሜሪካ እጅ ተላለፈች። ሕዝቡ የሚናገረው እስፓኝኛ ነው። አዲሶቹ ገዢዎች ግን ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ይገፉ ጀመር። እስፓኝኛ በሁሉም ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የተመለሰው በ1949 ነው። እንግዲህ የፑራ ዘመን ልጆች በቤት አንድ ቋንቋ፣ በትምህርት ቤት ሌላ ቋንቋ እያፈራረቁ ያደጉ ናቸው ማለት ነው።

አባቷ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ስለነበረ ሥራ ወደተገኘበት ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ይዘዋወር ነበር። ቤቱ ቢለዋወጥም ያልተለወጠ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ተረት ነው። ፑራ ከዘመዶቿ፣ በተለይም ከአያቷ አፍ ተረት እየሰማች አደገች። የፖርቶ ሪኮ ተረት ምንጩ ብዙ ነው፤ ከደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ከታይኖዎች፣ ከእስፓኝ ሰፋሪዎችና በባርነት ተግዘው ከመጡ አፍሪካውያን ተቀድቶ የተቀላቀለ ነው። ይተላለፍ የነበረውም እንደኛው አገር ተረት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው።

ፑራ በ1919 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳ ፖርቶ ሪኮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምኞቷ ምን መሰላችሁ? እንደኛው መምህርት መሆን ነበር።

ለሠርግ ሄዳ ቀረች

በ1920 ታላቅ ለውጥ መጣ። እህቷ ኒውዮርክ ከተማ ታገባ ስለነበር ፑራ ለሠርጉ ተጓዘች። የሄደችው ደግሳ፣ ደስ ብሏት ልትመለስ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ቀረች። የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜግነት ስለተሰጣቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ የሚመጣው ብዙ ነበር። ፑራም እንደሌሎቹ የአገሯ ሴቶች በልብስ ስፌት ሥራ ተቀጠረች።

በዚያን ጊዜ ሃርለም የሚባለው የኒውዮርክ ሰፈር የጥቁሮች ባሕልና ሥነ ጽሑፍ የሚያብብበት ነበር። በዚሁ ሰፈር፣ በ135ኛው መንገድ፣ የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ነበር። የቅርንጫፉ ኃላፊ ኧርነስቲን ሮዝ አስተዋይ ሴት ነበረች። የሰፈሩ ሰው ሲለወጥ ቤተ መጻሕፍቱም ከሰፈሩ ጋር መለወጥ እንዳለበት ስለተረዳች ጥቁር ሠራተኞችን ቀጠረች። እስፓኝኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሲበዙ ደግሞ ቋንቋውን የምታውቅ ረዳት ፈለገች። ቦታው መጀመሪያ የቀረበው ለፑራ እህት ነበር። እህቷ ሳትቀበለው ስትቀር ፑራ በ1921 ገባችበት። በዚያ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የተቀጠረች የመጀመሪያዋ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ እሷ እንደሆነች ይነገራል።

ከመደርደሪያው የጎደለው

እዚህ ላይ ስለ ልጆች ክፍል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባለው፣ በዚያም አገር ቢሆን ቀደም ሲል ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሕፃናትን ከነጭራሹ አያስገቡም ነበር። መጽሐፍ ያበላሻሉ፣ ይረብሻሉ ተብለው ነው። በኒውዮርክ ይህን የለወጠችው ከ1906 ጀምሮ የልጆችን አገልግሎት የመራችው አን ካሮል ሙር ናት። ለልጆች የሚመጥን ወንበርና ጠረጴዛ ተዘጋጀ፤ መጽሐፍ ተውሰው ወደ ቤት እንዲወስዱ ተፈቀደ፤ የተረት ሰዓት የሚባል ልማድም ተጀመረ። በተረት ሰዓት ሻማ ይበራል፤ ልጆቹ ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ፤ ሲያልቅ አንድ ልጅ በልቡ ምኞቱን ይዞ ሻማውን እፍ ብሎ ያጠፋል።

ፑራ ይህን ሁሉ ስታይ ልቧ ወደ ልጆቹ ክፍል ሳበ። የተረት መጻሕፍት የተደረደሩበትን መደርደሪያ ብትፈትሽ የብዙ አገር ተረት አለ። የፖርቶ ሪኮ ተረት ግን የለም፤ አንድም! አያቷ የነገረቻት፣ እሷም በቃሏ የያዘችው ያ ሁሉ ተረት በዚያ ቤት እንዳልተፈጠረ ያህል ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። አንድ ልጅ የእናቱን ቋንቋና የአያቱን ተረት መጽሐፍ ባለበት ቦታ ካላገኘ፣ በቤት ያለው ነገር ዕውቀት አይደለም ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ሁለት መንገድ ይቀረዋል፤ ወይ ቤቱን ይንቃል፣ ወይ መጽሐፉን ይሸሻል። ሁለቱም ጉዳት ነው።

ፑራ በ1920ዎቹ አጋማሽ በቤተ መጻሕፍቱ ትምህርት ቤት ስትማር የተረት አነጋገር ኮርስ ወሰደች። እዚያ የጻፈችው ከአያቷ የሰማችውን የማርቲናንና የፔሬስን ተረት ነው። ማርቲና ቆንጆ በረሮ ናት። ቤቷን ስትጠርግ ገንዘብ ታገኝና አጊጣ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። የተለያዩ እንስሳት ለጋብቻ ይጠይቋታል። እሷ ግን እንዴት አድርገው እንደሚያነጋግሯት እየሰማች ሁሉንም ትመልሳለች። በመጨረሻ አነጋገሩ ደስ ያሰኛት ፔሬስ የተባለው አይጥ ያገባታል። ምን ያደርጋል! ለገና በዓል ጣፋጭ ምግብ ስትሠራ ፔሬስ ልቅመስ ብሎ ድስቱ ውስጥ ይወድቅና ይሞታል። ማርቲናም እያለቀሰች ስታዜምለት ትኖራለች።

በቤተ መጻሕፍቱ ደንብ በተረት ሰዓት የሚነገረው በመጽሐፍ የታተመ ተረት ብቻ ነበር። የፑራ ተረት ደግሞ አልታተመም። ቢሆንም አቀራረቧ መልካም ሆኖ ስለተገኘ ካልታተሙት ተረቶቿ እንድትናገር ተፈቀደላት። ውሎ አድሮ በ1932 የማርቲናና የፔሬስ ተረት ከሥዕል ጋር መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የጎደለው የመደርደሪያ ቦታ በራሷ እጅ መሞላት ጀመረ ማለት ነው።

እናቶች የገቡበት በር

በ1929 ፑራ በ115ኛው መንገድ ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወረች፤ ምክንያቱም የፖርቶ ሪኮ ሰዎች በዚያ አካባቢ እየበዙ ነበር። ወቅቱ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የጀመረበት፣ ሥራ አጥነት የበዛበት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍያ አይጠይቅም፤ በሩም ክፍት ነው። ታዲያ ለምን ብዙ ሰው አይገባም? ቤቱ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብቻ የተሠራ ይመስላቸው ስለነበረ ነው። በር መከፈቱ ብቻውን አይበቃም እኮ! ግባ የሚል ቃል በሚገባን ቋንቋ ካልሰማን በተከፈተ በር ሥር አልፈን እንሄዳለን።

ፑራ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። የሠራቻቸውን ዋና ዋና ነገሮች እንዘርዝር፦

1ኛ/ ወደ ሕዝቡ ወጣች። ወደ ማኅበራት ስብሰባ እየሄደች ቤተ መጻሕፍቱ የእነሱም እንደሆነ አስረዳች።

2ኛ/ የተረት ሰዓቱን በሁለት ቋንቋ፣ በእስፓኝኛና በእንግሊዝኛ አደረገች። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ብቻቸውን አልመጡም፤ እናትና አባትም ተከትለው ገቡ። ወላጅ የሚያውቀውን ተረት ልጁ ፊት ሲሰማ፣ ልጁም ወላጁ ሲስቅ ሲያይ፣ ያ ክፍል የሁለቱም ቤት ሆነ።

3ኛ/ የእስፓኝኛ መጻሕፍት እንዲገዙ አደረገች። ተረት ሰምቶ የተደሰተ ልጅ የሚወስደው መጽሐፍ ካላገኘ ሥራው ግማሽ ነውና።

4ኛ/ የሕዝቡን በዓል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አመጣች። የፖርቶ ሪኮ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት በጥር 6 ቀን የሚከበረውን የሰብአ ሰገል በዓል ነው። በዋዜማው ለነገሥታቱ እንስሳት የሚሆን ሣር አዘጋጅተው ይተኛሉ፤ ጠዋት ስጦታ ያገኛሉ። ይህ በዓል በቤተ መጻሕፍቱ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያከብረው ዝግጅት ሆነ።

በዚህ ሁኔታ ቅርንጫፉ የእስፓኝኛ ተናጋሪዎች የባሕል ማዕከል እስከመሆን ደረሰ። ሜክሲኳዊው ዕውቅ ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ እንኳ እዚያ ተገኝቷል። ፑራ ቆይታም አጊላር በተባለው ቅርንጫፍ ይህንኑ ሥራ ቀጠለች። በ1940 ሲንሲናቲ ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጉባኤ ላይ ስለ ሥራዋ ጽሑፍ አቀረበች።

ከቋንቋ ጋር የሚነሳ አንድ ሥጋት አለ። ልጆቹ መማር ያለባቸው እንግሊዝኛ ነው፤ የእስፓኝኛ ተረት ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል የሚል ነው። ፑራ መልሷን በተግባር አሳየች። ተረቶቿን በሁለቱም ቋንቋ ተናገረች፤ በሁለቱም አሳተመች። አንዱ ቋንቋ ሌላውን ደግፎ እንዲያቆም እንጂ ገፍቶ እንዲጥል አልፈለገችም።

ጋብቻና ጽሕፈት

በ1943 ፑራ ክላረንስ ካሜሮን ዋይት የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ የቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ አገባች። ከሥራዋም ለቅቃ ከባሏ ጋር እየተጓዘች ጽሕፈቱን ያዘች። በ1946 ነብሩና ጥንቸሉ የሚል ርዕስ ያለው የተረት ስብስቧ ወጣ። በአሜሪካ በእንግሊዝኛ የታተመ የመጀመሪያው የፖርቶ ሪኮ ተረት ስብስብ እንደሆነ ይነገርለታል። ሌሎች የተረት መጻሕፍትም ተከተሉ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትንም ወደ እስፓኝኛ ተርጉማለች።

እንደገና ወደ ልጆቹ

ባሏ በ1960 ሲሞት ፑራ ኀዘኗን ይዛ ቤት አልቀረችም፤ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ተመለሰች። ከተማዋ ግን ተለውጣ ነበር። በ1940 በኒውዮርክ የነበሩት የፖርቶ ሪኮ ሰዎች 61 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ በ1960 ከ600 ሺህ በልጠው ነበር። በመሆኑም የእስፓኝኛ ተናጋሪ ልጆች አገልግሎት ባለሙያ ሆና ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተዘዋወረች ትሠራ ጀመር።

በ1968 ጡረታ ወጣች። አሁንስ ዐረፈች ሲባል የደቡብ ብሮንክስ የቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት ጠራት። ብሮንክስ ድኻ የሚበዛበት ሰፈር ነው። ፑራ ከቦታ ቦታ የሚወሰድ የአሻንጉሊት ቲያትር ሠርታ ማርቲናንና ፔሬስን በየሰፈሩ ማጫወቷን ቀጠለች። በ1971 ደግሞ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር የእስፓኝኛ ልጆች መጻሕፍትን ከማብራሪያ ጋር የሚዘረዝር ጽሑፍ አዘጋጀች፤ የትኛውን መጽሐፍ ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጡ ለሚቸገሩ ሁሉ መመሪያ እንዲሆን ነው።

በ1982 የኒውዮርክ ከተማ በኪነ ጥበብና በባሕል ላበረከተችው አገልግሎት የክብር ሽልማት ሰጣት። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 1 ቀን ዐረፈች። በ1996 በስሟ የፑራ ቤልፕሬ ሽልማት ተቋቋመ። ሽልማቱ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ላላቸው፣ የዚያን ሕዝብ ኑሮ በልጆች መጽሐፍ ለሚያሳዩ ደራስያንና ሠዓልያን ይሰጣል። አንድም መጽሐፍ ያጣችበት መደርደሪያ ዛሬ ለውድድር የሚበቃ መጽሐፍ የሚቀርብበት ሆኗል።

ከሕይወቷ ምን እንማራለን?

ፑራ ተረት እንደ ዘር ነው፤ እኔም ዘሪ ልሁን ብላ ተመኝታ ነበር። ዘሪ የሚዘራው መሬቱን አይቶ ነው። እኛም ተመርቀን ስንመደብ የምናገኘው ልጅ ከእኛ የተለየ ቋንቋ የሚናገር፣ በቤቱ አንድም መጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ግን ባዶውን አልመጣም። አያቱ የነገሩትን ይዞ መጥቷል። ተረትህን ንገረን ብለን እንጠይቀው፤ የነገረንን እንጻፈው፤ የጻፍነውን መልሰን እናስነብበው። ወላጆቹንም ለክስ ብቻ ሳይሆን ተረት ለመናገርም እንጥራቸው። ለዚህ ሥራ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ እርሳስና የሚሰማ ጆሮ ይበቃል።

የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንዲት መደርደሪያ ብቻ ብትሆን እንኳ፣ ልጁ የራሱን ተረት የሚያገኝባት ትሁን!