ንጉሥ ላሊበላ

ላሊበላ በላስታ፣ ያን ጊዜ ሮሃ ትባል በነበረችው ሥፍራ እንደ ተወለደ ይነገራል። ወንድሙ ንጉሥ ሐርቤ ዙፋኑን እንዳይወርስበት ስለ ሰጋ አሳደደው፤ መርዝም እንዳጠጡት ገድሉ ይተርካል። ዳሩ ግን ከስደት ተመልሶ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነገሠ።

አንባቢ ሆይ፣ ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ልብ ብለህ ተመልከት። የሚገባበት በጥልቅ ገደል ላይ በተዘረጋ ጠባብ ድልድይ ነው፤ አሠራሩም እንደ ሌሎቹ ወደ ምሥራቅ አልቀናም። ስለዚህ ሊቃውንት አስቀድሞ ቤተ መንግሥት ወይም ምሽግ የነበረ፣ ኋላ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያንነት የተለወጠ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ የንጉሡን ዝና ከቶ አይቀንሰውም። በድንጋይ የሚገነባ ቢሳሳት አፍርሶ ይሠራል፤ ዓለት የሚፈለፍል ግን አንዴ የጠረበውን መመለስ አይችልም። ላሊበላ ራሱ ያረፈው በቤተ ጎልጎታ እንደ ሆነ ይታመናል።