ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የጠፋባቸው አማርኛ

በናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የአገር ልጅ አናጣም። ኢስሊ ብንወርድ፣ ኪሊማኒ ወይም ሁርሊንግሃም ቡና ልንጠጣ ብንቀመጥ በቋንቋችን ሰላም የሚለን ይኖራል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን ይህን ሳያገኙ አደጉ።

የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ገና ሕፃን ሳሉ ከወገን ተለያዩ። የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ አገለገሉ። ትምህርቱም ሥራውም ሞላላቸው። በአማርኛ የሚያጫውታቸው ሰው ግን አልነበረምና ቋንቋው ጠፋባቸው።

ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው የለዩአቸው በገላቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ነው። እርሳቸውም አማርኛን እንደገና ተምረው በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን በበላይነት መሩ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ ጣሊያን ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። እርሳቸው ከነጻነት በኋላ ተመልሰው አዲስ አበባ አረፉ።

ዛሬ ከሱቃችን ደጃፍ ልጆቻችንን በአማርኛ ስንጠይቃቸው በስዋሂሊ የሚመልሱልን ብዙ ናቸው። እነርሱ ግን እንደ ሐኪም ወርቅነህ ከወላጅ አልተነጠሉም፤ እኛ አጠገባቸው አለን። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በየመንገዱ ስንገናኝ የያዝናቸውን ልጆች ከጨዋታችን አናስቀራቸው። እነርሱንም ስማቸውን ጠርተን በቋንቋችን እንዴት ዋላችሁ እንበላቸው፤ እስኪመልሱልንም እንታገሣቸው።