ዶክተር ሞድ አቦትና የልብ መዝገባቸው

በሕክምና የክፍያ ቅጽ ላይ የበሽታው ኮድ ከሌለ መድን ሰጪው ገንዘቡን አይለቅም። በዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-10 ምደባ፣ ኪው 21.0 ማለት በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ክፍተት ኖሮት መወለድ ነው። ኪው 25.0 ደግሞ ከልደት በኋላ መዘጋት የነበረበት የደም ቧንቧ ክፍት መቅረቱ ነው። እነዚህን ሕመሞች ለይቶ ለመቁጠር ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መደርደር ነበረበት። ከደረደሩት ዋነኛዋ ሴት ናቸው።

ሞድ አቦት በ1860ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በካናዳ ኩቤክ ተወለዱ። እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ፤ አባታቸውም ጥለዋቸው ሄዱ። ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። በ1890 ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ በወርቅ ሜዳሊያ ቢመረቁም፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሴት አልቀበልም አላቸው። ሌላ ኮሌጅ ገብተው በ1894 ሐኪም ሆኑ።

ማክጊል በኋላ ሥራ ሰጣቸው፤ ያውም የሕክምና ሙዚየም ውስጥ፣ በብልቃጥ የተቀመጡ የአካል ክፍሎችን እንዲያደራጁ። ማንም የማይመኘው ሥራ ይመስለኛል። እሳቸው ግን የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ እንግዳ ልብ አገኙ። ሲያጣሩ የማክጊል የመጀመሪያው የሕክምና ዲን አንድሩ ሆልምስ በ1824 የጻፉበት ልብ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ልብ ላይ አተኮሩ። በ1908 ለታዋቂው ሐኪም ዊልያም ኦስለር መጽሐፍ የ412 ሕሙማንን መረጃ በሠንጠረዥ አቀረቡ። በ1936 ባሳተሙት አትላስ ቁጥሩ 1000 ደረሰ። ምን ያህል ጊዜ ደምረው ደግመው እንዳመሳከሩት የሚገባው መዝገብ የያዘ ሰው ነው! የደረደሩት ሰውነት ወደ ሰማያዊነት መለወጡን አይተው ነው፦ ፈጽሞ የማይለወጥ፣ ቆይቶ የሚለወጥ፣ ከመጀመሪያው የተለወጠ። የዛሬው ኮድ የሚለየው ግን ጉድለቱ በሚገኝበት ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸውን እህታቸውን ለብዙ ዓመታት ይጦሩ ነበር። ማክጊል በ1910 የክብር የሕክምና ዲግሪ ሰጣቸው፤ ሴት ተማሪዎችን በሕክምና የተቀበለው ግን ከ8 ዓመት በኋላ ነው። እሳቸውም ጡረታ የወጡት ከረዳት ፕሮፌሰርነት ሳያልፉ ነው። ዓለም የሚያውቀው ሥራ ይዞ ይህን ማዕረግ ብቻ ማግኘት ያስቆጫል።

በ1938 በቦስተን ከተማ ሮበርት ግሮስ የተባሉ ቀዶ ሐኪም የአንዲት ሕፃን ክፍት የቀረ ቧንቧ አስረው አዳኗት። ሞድ አቦት ይህን ለማየት ደርሰዋል፤ ያረፉት በ1940 ነው። ዛሬ ኪው 25.0 ተብሎ ሲመዘገብ ከጎኑ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ የሚጻፍለት ያ ቀዶ ሕክምና መንገዱን ስለከፈተ ነው።