ከደበሎ እስከ ሙሉ ሰውነት፦ የሐዲስ ዓለማየሁ የሕይወት ጉዞ

የሰው ልጅ ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሻገረው ዓመት በመቁጠር ብቻ አለመሆኑን የዓለም ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ተረድተውታል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሐመር ጎረምሳ ሚስት ከማግባቱ በፊት ተደርድረው በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ መሻገር ይኖርበታል። በቦረና የገዳ ሥርዓት ወንዶች በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን በተሸጋገሩ መጠን ኃላፊነታቸውም ያድጋል። በደቡብ አፍሪካ የኮሳ ወጣቶች ተገርዘው ከመንደር ርቀው ከሰነበቱ በኋላ እንደ አዲስ ሰው ይመለሳሉ። የአፍሪካ ተወላጅ የሆኑ አሜሪካውያንም በባርነት ዘመን የተቋረጠባቸውን ይህን መሰል ልማድ ለመጠገን፣ በተለይ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ለወጣቶቻቸው የሽግግር ሥርዓት ያዘጋጃሉ። አርኖልድ ቫን ጄኔፕ የተባለው የባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1909 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉት ሥርዓቶች ሦስት ምዕራፎች እንዳሏቸው አመልክቷል፤ እነዚህም መለየት፣ በመካከል መቆየትና መመለስ ናቸው።

የጎጃምና የአገው ምድር ሰው እንዲህ ያለ ሥርዓት አለህ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ የለኝም ማለቱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በእንጅባራ አካባቢ በሙያው ሲሠራ ይህንኑ መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቷል። ይሁን እንጂ ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሥርዓቱ አለ፤ የጎደለው ስሙ ብቻ ነው። ይህንንም ለማሳየት ከክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አውራጃ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለች ደብር አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። ፊደል ከለዩ በኋላም እንደ ብዙ የጎጃም ልጆች የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍለጋ ወጡ፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስም ተምረዋል።

በዚያ ዘመን ትምህርት ፍለጋ መውጣት ምን ማለት እንደ ነበረ ለዛሬው አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ልጁ የእናቱን ቤት ትቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ብዙውም ወላጆቹን ሳያስፈቅድ በሌሊት የሚጠፋ ነበር። ከደረሰበት ደብር አጠገብ የራሱን ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል። በቤቱ እህል የሞላለት የባለጸጋ ልጅ እንኳ በእመቤታችን ስም እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ቁራሹን ይሰበስባል። በተማሪዎች መካከል የሚታወቀውም በአባቱ ማንነት ሳይሆን በመጣበት አገር ስም ነው። ቫን ጄኔፕ መለየት ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ነው።

በመካከል መቆየት የሚባለው ደግሞ የቅኔ ቤቱ ሕይወት ነበር። ተማሪው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየደረጃው እስከ መወድስ ይወጣል። ሌላው የደረሰውን በቃሉ ይዞ መገኘት አይበቃውም፤ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ሲሰናከል ያርመዋል፣ ሲያምርለት ያሞግሰዋል። ምዕራፉ የሚዘጋው መምህሩ ችሎታውን አይቶ፣ ለሌላው ለማስተማር መብቃቱን መስክሮ፣ መርቆ ሲያሰናብተው ነው። ከዚያም በኋላ ትናንት ቁራሽ የለመነውን ልጅ የሀገሩ ሰው መሪጌታ ብሎ ተነሥቶ ይቀበለዋል። መመለስ ማለት ይህ ነው።

ሐዲስ ግን በዚህ ደጃፍ ላይ አልቆሙም። ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊውን ትምህርት ተከታተሉ። ይህም ሁለተኛ መለየት ነበር፤ ምክንያቱም በደብሩ ሊቅ ሊባል የተቃረበ ወጣት በአዲሱ ትምህርት ቤት እንደገና ፊደል ከሚቆጥሩ ልጆች ጋር መቀመጥ ነበረበት። ከዚያም ወደ ጎጃም ተመልሰው ከእንጅባራ በስተሰሜን በምትገኘው ዳንግላ በጉምሩክ ጸሐፊነት ሠሩ፤ በደብረ ማርቆስም በትምህርት ቤት ኃላፊነት አገለገሉ። የተማሩትን ይዘው ለወገናቸው የተመለሱበት ጊዜ ይህ ነበር።

ሦስተኛውን ፈተና ያመጣው ማንም ያልመረጠው ጦርነት ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ሐዲስ የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም በምዕራብ ኢትዮጵያ በቀጠለው ተጋድሎ ቆዩ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ለመስጠት በተገደዱ ጊዜ ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። በፖንሳና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው ሰባት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ነጻ አወጣቸው። በሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ የገቡበትን እስር በጎልማሳነት ወጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው በሰፊው የታወቀ ነው። በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በለንደን አምባሳደር፣ በሀገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትርና የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቢቀርብላቸው አልተቀበሉም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ያረፉትም ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ ያለፉ ሰው ስለ ወጣቱ መሻገሪያ ያሰቡትን በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ እናገኘዋለን። በዛብህ ገና በሕፃንነቱ በእናቱ ስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ነው። ደበሎውን ለብሶ ወጥቷል፣ ተምሯል፣ በችሎታውም ተመስክሮለታል። ሆኖም በተሻገረ ጊዜ ራሱን ችሎ የሚኖርበት ቦታ አልተዘጋጀለትም፤ ሌሎች በእሱ ስም የገቡት ቃልና የትውልድ ደረጃ መንገዱን ዘግተውበታል። የሰብለ ወንጌልም ነገር ከዚህ ይብሳል። ለዚያ ዘመን ሴት ልጅ የተፈቀደው መሻገሪያ ጋብቻ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም አባቷ እኩያ ጠፋ በማለት ዘግተውባታል። የደብሩን ሕይወት ጥቅም ከማንም በላይ የሚያውቁት ደራሲ ልማዱን አላናናቁትም፤ ነገር ግን ወጣቱን ፈትኖ መመለሻውን የሚነፍግ ሥርዓት ቅጣት እንጂ ማሳደጊያ አለመሆኑን አሳይተዋል።

የልቦለዱና የደራሲው ልዩነትም ከዚህ ላይ ነው። ሐዲስ በተፈተኑበት ሥፍራ ሁሉ የሚመሰክርላቸው፣ ሥራም የሚሰጣቸው ሰው አግኝተዋል። በዛብህ ፈተናውን እንጂ ቦታውን አላገኘም።

በእንጅባራ ይህን ነገር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓይን ማየት ይቻላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱን አስጊጦ ከሚወጣው ሽማግሌ ጎን ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ይታያል። ልጁ ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ ለብቻው አልተማረም፤ አባቱና አጎቱ እየገሠጹ አስተምረውታል። ሜዳው ላይ በወጣ ጊዜ ግን ልጓሙን የሚይዝለት የለም። ቢወድቅ የሚያነሣው፣ ቢያሸንፍም እልል የሚልለት ያው ሕዝብ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሠርግም ሆነ በለቅሶ ፈረስ ይዘህ ና ተብሎ ይጠራል። መጠራቱ ራሱ የሰውነቱ ምስክር ነው።

ወደ ሙያችን ስንመለስ ግን እፍረት ይሰማናል። በማኅበራችን አባላት ዘንድ እንደሚታወቀው፣ የምሕንድስና ተማሪ አምስት ዓመት ያህል ደክሞ በአንድ ቀን ካባ ለብሶ ይመረቃል፤ ቤተ ሰቡም ድግስ ደግሶ ይደሰታል። በማግሥቱ ግን የሥራ ልምድ የሌለው ተብሎ ከየደጁ ይመለሳል። ሥራ ያገኘውም ቢሆን ዓመታት ሙሉ የሌላውን ሥዕል ከመገልበጥ የማያልፍበት፣ ያሰላው የብረትና የሲሚንቶ መጠን በሌላ ሰው ፊርማ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ለይተነዋል፣ ፈትነነዋል፣ አልመለስነውም። በእኛ ሠፈር ብዙ በዛብሆች አሉ፤ መንገዱ የጠበበባቸው ሴት መሐንዲሶች መኖራቸውንም መርሳት አይገባም።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ ነባር መሐንዲስ በየዓመቱ አንድ አዲስ ምሩቅ ይዞ ወደ ሥራ ቦታ ቢወስደው፤ እንደ ቅኔ መምህሩ የራሱን ሥራ እንዲያቀርብ ቢያዘውና ስሕተቱን ቢያርምለት፤ ምሩቁ ሲበቃም ትንሽ ድልድይ ወይም የአንድ መንደር የውኃ መስመር ቢሆን እንኳ ሥራው በራሱ ስም እንዲመዘገብ ቢያደርግ፤ ማኅበራችንም በዓመታዊ ጉባኤው ላይ ስሙን ጠርቶ በአባላት ፊት ቢያቆመው፣ የጎደለው ምዕራፍ ይሟላ ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከደበሎ ተነሥተው የደረሱበት የታወቀ ነው። እዚያ የደረሱት በብርታታቸው መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በየደጃፉ የሚመሰክርላቸው ሰው ነበር። ዛሬ በየደጃፋችን ለቆመው ወጣት የሚመሰክርለት ማን ነው? መልሱ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው።